ኢኮኖሚ ሲናጋ የትኛው ፓርቲ ምን ያደርጋል? የምርጫ ዕቅዶችን የማወዳደሪያ መመሪያ

በኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት የሚወጡ የምርጫ ማኒፌስቶዎች ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁሉም ዋጋ እናረጋጋለን፣ ሥራ እንፈጥራለን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን እንደግፋለን ይላሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው አብዛኞቹ በሚያድበሰብሱት አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጉድለቱን የሚሸፍነው ማን ነው?

ቀውስ ማለት ይገባ የነበረ ገንዘብ ቀርቶ ይወጣ የነበረው ግን እንዳለ መቀጠሉ ነው። ያ ክፍተት የሚሞላው ከስድስት ኪሶች ነው። ከግብር ከፋዩ ይወሰዳል፤ የመንግሥት አገልግሎትና ድጎማ ከሚጠቀመው ይቀነሳል፤ በዋጋ ንረት በኩል ከደመወዝተኛውና ከቆጣቢው ይሸረፋል፤ በምንዛሪ ለውጥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ከሚገዛው ይወጣል፤ አበዳሪው ከገንዘቡ ከፊሉን እንዲተው ይደረጋል፤ ወይም በአዲስ ብድር ለመጪዎቹ ዓመታት ይተላለፋል። ፓርቲዎች «ዕድገት» የሚባል ሰባተኛ ኪስ አለን ይላሉ። ዕድገት ክፍተቱን እንደሚያጠብ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀውሱ በገባበት ዓመት አይደርስም። ስለዚህ ሁለት ዕቅዶችን ስታወዳድሩ ከርዕዮተ ዓለሙ በፊት ኪሱን ፈልጉ። ኪሱን የማይጠቅስ ፓርቲ ቢኖር እንኳ ኪሱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚመረጠው የዋጋ ንረት ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቀውሱ የትኛው ነው?

ሕመሙ ሳይለይ መድኃኒቱን ማወዳደር አይቻልም። ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ። አንደኛ፣ ዋጋ እየወደቀ ነው ወይስ እየናረ? እየወደቀ ከሆነና ሠራተኛ በገፍ እየተባረረ ከሆነ ችግሩ የገዢ መጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ የስንት ወር የገቢ ዕቃ ይሸፍናል? ከሦስት ወር በታች ሲወርድ ባለሙያዎች መስጋት ይጀምራሉ። ሦስተኛ፣ የመንግሥት ዕዳ በምን ገንዘብ ነው? በራሱ ገንዘብ የተበደረ መንግሥት ቢያንስ መክፈያው አያልቅበትም፤ አደጋው ወደ ዋጋ ንረት ያመራል። በዶላር የተበደረ ግን ዶላር ማተም አይችልም።

የተሳሳተ ምርመራ የሚያስከትለውን ጀርመን በግልጽ አሳይታለች። ከ1930 እስከ 1932 መራሔ መንግሥት የነበረው ሃይንሪክ ብሩኒንግ ዋጋ እየወደቀ፣ ፋብሪካ እየተዘጋ ባለበት ጊዜ ደመወዝና ወጪ ቀነሰ፣ ግብር ጨመረ። ገዢ ለጠፋበት ገበያ ተጨማሪ ገዢ አጠፋበት ማለት ነው። በ1932 ሥራ አጡ ወደ ስድስት ሚሊዮን ደረሰ። በ1928 የ2.6 በመቶ ድምፅ ብቻ የነበረው የናዚ ፓርቲ በ1930 ወደ 18.3፣ በሐምሌ 1932 ወደ 37.3 በመቶ ወጣ። ለዚህ መውጣት ሌሎች ምክንያቶችም አሉት፤ የወጪ ቅነሳው ግን መንገዱን ጠርጎለታል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ምንዛሪ ባለቀበትና ዋጋ በሚንርበት አገር «ገንዘብ ወደ ሕዝቡ እናፈስሳለን» የሚል ፓርቲ ከድጡ ወደ ማጡ ይወስዳል። የሚፈስሰው ገንዘብ የሚገዛው ነዳጅና መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የጎደለውን ምንዛሪ ይበልጥ ያጎድለዋል።

ወጪ እንቀንሳለን የሚሉ ፓርቲዎች

ይህ አማራጭ ብዙ ዝርዝር ስላለው ረዘም አድርገን እንየው። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል?» ሳይሆን «ከምን ላይ?» የሚለው ነው። በተግባር ቶሎ የሚቆረጠው የግንባታና የጥገና በጀት ነው፤ ያልተሠራ መንገድ ሰልፍ አይወጣማ። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ቀጥሎ ቅጥር ይታገዳል፣ ደመወዝ ባለበት ይቆማል። ጡረታና ድጎማ በመጨረሻ ይነካሉ፤ ትልቁ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። «ብክነት እናስቀራለን» በሚል ብቻ ከፍተኛ ቅነሳ እናመጣለን የሚል ፓርቲ ካጋጠማችሁ የበጀቱን ሰንጠረዥ ገልጣችሁ ለጉዞ፣ ለስብሰባና ለተሽከርካሪ የተያዘውን ደምሩ። ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ ተስፋ የተሰጠበትን ያህል አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ቅነሳ ራሱን የሚበላበት መንገድ ነው። የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 100 ነው እንበል፤ ዕዳዋም 100፣ መንግሥት በግብር የሚሰበስበው ከምርቱ 40 በመቶ። ፓርቲው ወጪን በ3 ይቀንሳል። ያ 3 የአንድ ሰው ገቢ ነበርና እሱም ከገበያ ይቀራል። የተቀነሰው እያንዳንዱ አንድ፣ ምርትን በአንድ የሚቀንስ ከሆነ ምርቱ 97 ይሆናል፣ ግብሩ በ1.2 ይቀንሳል። ስለዚህ ጉድለቱ የጠበበው በ3 ሳይሆን በ1.8 ነው። ዕዳው ምንም ባይጨምር እንኳ ከምርቱ ጋር ሲነጻጸር ከ100 ወደ 103 በመቶ ወጣ ማለት ነው። ቅነሳው ምርትን የሚጎዳው በግማሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ በ2.4 ይጠብባል። ክርክሩ ሁሉ ያለው የተቀነሰው አንድ ምርትን በስንት ይጎዳል በምትለው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። በ2013 የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ኦሊቪየር ብላንሻር ከዳንኤል ሊ ጋር ባወጡት ጥናት፣ በአውሮፓ ቀውስ የመጀመሪያ ዓመታት ትንበያ አውጪዎች የቅነሳውን ጉዳት አሳንሰው እንደገመቱት አሳይተዋል።

የግሪክ ውጤት ይህንኑ ይመስላል። በቀውሱ ዓመታት ከኢኮኖሚዋ ሩብ ያህሉ ጠፋ፤ በ2013 ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አለፈ። በ2009 ምርጫ 43.9 በመቶ ያገኘው የሶሻሊስቶቹ ፓርቲ ፓሶክ በጥር 2015 4.7 በመቶ ላይ ወደቀ።

ይሁን እንጂ ቅነሳ ሁልጊዜ መንግሥት ይጥላል ማለት አይደለም። ላትቪያ በ2009 ኢኮኖሚዋ ከ14 በመቶ በላይ ሲኮማተር ምንዛሪዋን ሳታወርድ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ቆረጠች። ያንን የመሩት ቫልዲስ ዶምብሮቭስኪስ በ2010 ምርጫ ተመልሰው ሥልጣን ያዙ። ከግሪክ የሚለያት የቅነሳው ፍጥነት፣ የዕዳዋ መነሻ ዝቅተኛ መሆንና መንግሥት ምን እንደሚቆርጥ ሳያድበሰብስ መናገሩ ይመስለናል። ዋጋውም ግን ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ወጣት አገሩን ለቆ ወጥቷል፣ ሥራ አጥነቱ በከፊል የቀነሰውም በዚህ ነው። የቅነሳ ፓርቲን ስትመዝኑ የሥራ አጥ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ጠቅላላ ብዛትም ተመልከቱ።

ወጪ እንጨምራለን፣ ግብር እንቀንሳለን የሚሉ

ገዢ ሲጠፋ ይህ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው። የሚፈተነው በሦስት ነገር ነው፦ ገንዘቡ መቼ ይደርሳል፣ ማን ዘንድ ይደርሳል፣ መቼ ያበቃል። የእንግሊዝ ሌበር መንግሥት በታኅሣሥ 2008 የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ17.5 ወደ 15 በመቶ ሲያወርድ የሚያበቃበትን ቀን አብሮ አስታወቀ፤ ከ13 ወር በኋላ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የማብቂያ ቀን ያለው እፎይታ ሰው ግዢውን ወደ ፊት እንዲያመጣ ያደርጋል፤ አበዳሪውንም አያስደነግጥም። ቀጥሎ የመጣው በወግ አጥባቂዎች የተመራው ጥምር መንግሥት ደግሞ በጥር 2011 ያንኑ ታክስ ወደ 20 በመቶ አወጣው። ያው ግብር፣ ያው አገር፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ተቃራኒ መልስ ነው።

አሜሪካ በየካቲት 2009 ያጸደቀችው 787 ቢሊዮን ዶላር የማነቃቂያ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት አንድም የሪፐብሊካን ድምፅ አላገኘም። በመጋቢት 2020፣ በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ዘመን፣ 2.2 ትሪሊዮን ዶላር የሚደርሰው ሕግ በሴኔቱ 96 ለ0 አለፈ። ቀውሶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቢሆንም አንድ ፓርቲ ስለ ጉድለት ያለው አቋም በተቃዋሚ ወንበር ሲቀመጥና ቤተ መንግሥት ሲገባ ምን ያህል እንደሚለያይ ያሳያል። ስለዚህ የፓርቲውን ንግግር ከራሱ የድምፅ አሰጣጥ መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ በሥልጣን ላይ ሳለ የሰጠውን ከተቃዋሚነት ዘመኑ ለይታችሁ።

ማካካሻ የሌለው የግብር ቅነሳ በተሳሳተ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሁለት ቅርብ ምሳሌዎች አሉ። ስሪላንካ በ2019 መጨረሻ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 8 በመቶ አወረደች፤ ገቢዋ ተሸረሸረ፣ ከውጭ የምትበደርበት በር ተዘጋ። በሚያዝያ 2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፣ በሐምሌ ፕሬዚዳንቱ ከአገር ሸሹ። እንግሊዝ ደግሞ በመስከረም 23 ቀን 2022 የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ ያለ ገለልተኛ የበጀት ትንበያ አወጀች። የመንግሥት ቦንድ ዋጋ ወደቀ፤ የጡረታ ፈንዶች ቦንዳቸውን እየሸጡ ዋጋውን ይበልጥ ሲያወርዱት ማዕከላዊ ባንኩ በአምስት ቀን ውስጥ ጣልቃ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሊዝ ትረስ በጥቅምት 20 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ከዚህ የሚወሰደው ቁጥሩ ትልቅ ነበር የሚለው ብቻ አይደለም፤ ዋጋ እየናረ፣ ወለድ እየጨመረ ሳለ የቀረበ፣ ማንም ሒሳቡን ያልመረመረው ዕቅድ መሆኑ ነው።

ዋጋ እንተምናለን፣ ድጎማ እንጠብቃለን የሚሉ

ለመራጭ ጆሮ ከሁሉም የሚጥመው ይህ ነው። አጭር የዋጋ እገዳ አንዳንዴ ድንጋጤን ያበርዳል፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በነሐሴ 1971 ዋጋና ደመወዝን ለ90 ቀን አግደው ነበር፣ በወቅቱም ተወዶላቸዋል። እገዳው በየመልኩ ሲራዘም ግን እጥረት መጣ፤ ሲነሳም ዋጋ ዘለለ። በሰኔ 2007 የዚምባብዌ መንግሥት ነጋዴዎች ዋጋ በግማሽ እንዲቀንሱ ሲያዝ መደርደሪያዎች በጥቂት ሳምንታት ባዶ ሆኑ። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ 100 አውጥቶ ያመረተውን በ70 እንዲሸጥ የታዘዘ ሰው ወይ ያቆማል ወይ በጓሮ ይሸጣል። ስለዚህ የዋጋ ጣሪያ የሚያቀርብ ፓርቲን የምትጠይቁት «በጣሪያውና በማምረቻው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለአምራቹ የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ ነው። መልሱ «መንግሥት» ከሆነ ጉዳዩ ድጎማ ነው፣ በጀት ይፈልጋል። መልስ ከሌለው ውጤቱ እጥረት ነው።

የነዳጅ ድጎማን ማንሳት በፓርቲዎች መካከል ትልቁ የልዩነት ነጥብ ስለሆነ በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር 100 ገብቶ በ60 ይሸጣል። ድጎማው በአንድ ሌሊት ከተነሳ የሸማቹ ዋጋ የሚጨምረው በ40 በመቶ ሳይሆን በ67 በመቶ ነው፤ መነሻው 60 ነውና። በአራት ጊዜ፣ በየሦስት ወሩ 10 እየተጨመረ ከሆነ የመጀመሪያው ጭማሪ 17 በመቶ ያህል፣ የመጨረሻው 11 በመቶ ይሆናል። ጫናው ይከፋፈላል፤ ነገር ግን በመሀል የዓለም ዋጋ ከጨመረ ወይም ምንዛሪው ከወረደ ልዩነቱ ተመልሶ ይሰፋል፣ መንግሥትም በየደረጃው አዲስ ተቃውሞ ይገጥመዋል።

ከፍጥነቱ በላይ የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው። ኢንዶኔዥያ በግንቦት 1998 የቤንዚን ዋጋ ወደ 70 በመቶ ገደማ ስትጨምር በምትኩ ለቤተሰብ የሚደርስ ነገር አልነበረም፤ አመጹ ተቀጣጠለ፣ ሱሃርቶ በግንቦት 21 ከሥልጣን ወረዱ። ያችው አገር በጥቅምት 2005 የነዳጅ ዋጋን በአማካይ ከእጥፍ በላይ ስትጨምር ግን ከ15 ሚሊዮን ለሚበልጡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በወር 100,000 ሩፒያህ የሚሰላ ጥሬ ገንዘብ፣ የሦስት ወሩን በአንዴ፣ ከጭማሪው ጋር አብራ ማከፋፈል ጀመረች። መንግሥቱ አልወደቀም። ስለዚህ ድጎማ አነሳለሁ የሚል ፓርቲ በማኒፌስቶው ላይ ሊያሟላው የሚገባው ተቀባዮቹ የሚመዘገቡበትን፣ ገንዘቡ የሚወጣበትንና ዋጋው የሚጨምርበትን ቀን ነው፤ በዚሁ ተራ። ዋጋው ቀድሞ፣ ካሳው «በሂደት» ከሆነ ካሳው ላይደርስ ይችላል።

ምንዛሪና ዕዳ

ምንዛሪን የማውረድ ሐሳብ በማኒፌስቶ ላይ በግልጽ አይጻፍም። አስቀድሞ የሚያውጅ ፓርቲ ካለ ሁሉም ሰው ወደ ዶላር ይሮጣልና፣ ዝምታው ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። እናንተ ግን ማስላት ትችላላችሁ። ዶላር ከ50 ወደ 80 ከወጣ 20 ቢሊዮን ዶላር የውጭ ዕዳ በአገር ውስጥ ገንዘብ ከ1,000 ቢሊዮን ወደ 1,600 ቢሊዮን ይወጣል። ከአንድ ቤተሰብ ወጪ 30 በመቶው ከውጭ የሚመጣ ከሆነና ነጋዴው ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ ካስተላለፈ ኑሮው በ18 በመቶ ይወደዳል፤ ግማሹን ካስተላለፈ በ9። ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያ ዋጋ ሲሸጡ የነበሩ ዕቃዎች ብዙ ላይጨምሩ ይችላሉ፤ በመንግሥት ተመን ይገቡ የነበሩት ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ግን ሙሉውን ዝላይ ይቀምሳሉ።

በአርጀንቲና የሃቪየር ሚሌ መንግሥት በታኅሣሥ 2023 ይፋዊውን የዶላር ተመን ከ366 ወደ 800 ፔሶ ሲያወጣ በዚያ ወር ብቻ ዋጋ በ25.5 በመቶ ጨመረ። ወርኃዊ ጭማሪው በሚያዝያ 2024 ወደ 8.8 ወረደ፤ በዚያው ግማሽ ዓመት ግን ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ 52.9 በመቶ ደረሰ፣ በሁለተኛው ግማሽ ወደ 38.1 ተመለሰ። ደጋፊው የሚጠቅሰው 8.8ንና 38.1ን ነው፣ ተቃዋሚው 52.9ን። ሁለቱም እውነት ነው፤ የእናንተ ጥያቄ በእነዚያ ስድስት ወራት የሚደርስባችሁን መሻገሪያ አላችሁ ወይ ነው።

ዕዳ አንከፍልም ወይም እናሸጋሽጋለን ለሚል ፓርቲ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ቦንዱን የያዘው ማን ነው? ግሪክ በመጋቢት 2012 የግል ቦንድ ያዦች ከዋናው ገንዘብ 53.5 በመቶ እንዲተዉ ስታደርግ የገዛ ባንኮቿና የጡረታ ፈንዶቿም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ፤ ባንኮቹን መልሶ ማቆም አዲስ ብድር ጠየቀ። ጋና በታኅሣሥ 2022 የአገር ውስጥ ቦንድ ልውውጥ ስታውጅ ጡረተኞች ገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ላይ ወጥተው ተቃወሙ፣ በኋላም ከልውውጡ ነፃ ተደረጉ። «አበዳሪው ይክፈል» ሲባል አንጀት ያርሳል፤ አበዳሪው የራሳችሁ የጡረታ መዋጮ ሊሆን እንደሚችል ግን አትዘንጉ።

ባንኮች የወደቁበት ቀውስ ሲሆን አየርላንድና ስዊድን ይነጻጸራሉ። አየርላንድ በመስከረም 2008 መጨረሻ በአንድ ሌሊት የባንኮቹን ዕዳ በአብዛኛው ዋስትና ሰጠች፤ ኪሳራው ወደ ሕዝብ ዞረ፤ በ2007 41.6 በመቶ ያገኘው ገዥው ፊያና ፎል በ2011 17.4 በመቶ ላይ ወደቀ። ስዊድንም በ1992 ለአስቀማጮችና ለአበዳሪዎች ሰፊ ዋስትና ሰጥታ ነበር። ነገር ግን ድጋፍ የጠየቁ ባንኮች ሒሳባቸውን እንዲገልጡ፣ ባለአክሲዮኖችም ቀድመው እንዲከስሩ ተደረገ፤ የተበላሸው ብድር ሴኩሩም ወደሚባል ድርጅት ተዛወረ፣ የቀኝ ዘመሙ መንግሥትና ሶሻል ዴሞክራቶቹም ተስማሙበት። ባንክ እናድናለን ከሚሉ ሁለት ፓርቲዎች ባለአክሲዮኑን ከግብር ከፋዩ በፊት የሚያስከፍለውን ምረጡ።

ይፈልጋል ወይስ ይችላል?

ጥሩ ዕቅድ ያለው ፓርቲ ዕቅዱን ለመፈጸም እጁ ነፃ ላይሆን ይችላል። ፓርላማ ውስጥ አብላጫ አለው? ማዕከላዊ ባንኩ ይታዘዘዋል? የተፈረመ የብድር ስምምነት አለ? ገንዘቡ የራሱ ነው ወይስ የጋራ? የግሪክ ገዥ ፓርቲ የነበረው ሲሪዛ በአበዳሪዎቹ ቅድመ ሁኔታ ላይ በሐምሌ 5 ቀን 2015 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 61.3 በመቶ «አይሆንም» የሚል ድምፅ ይዞ ነበር። ነገር ግን ባንኮች ተዘግተው፣ ሰው በቀን 60 ዩሮ ብቻ እያወጣ፣ የራሱ ገንዘብ የሌለው መንግሥት የሚደራደርበት አቅም አልነበረውም፤ በነሐሴ እስከ 86 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ሦስተኛ የብድር ስምምነት ፈረመ። በስሪላንካም በ2024 ሥልጣን የያዘው ግራ ዘመም ጥምረት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር እንደገና እንደራደራለን ብሎ ተመርጦ የብድር ፕሮግራሙን በመሠረቱ ቀጥሎበታል። በስፔን የማሪያኖ ራሆይ ወግ አጥባቂ ፓርቲ የሶሻሊስቶቹን የተጨማሪ እሴት ታክስ ጭማሪ አጥብቆ ሲያወግዝ ቆይቶ በኅዳር 2011 ተመረጠ፤ በመስከረም 2012 ታክሱን ከ18 ወደ 21 በመቶ አወጣው።

ከሁሉ የሚገርመው የእንግሊዙ የ1931 ታሪክ ነው። የሌበር ካቢኔ የሥራ አጥ አበልን 10 በመቶ በመቁረጥ ጉዳይ ተከፈለ፤ የወርቅ ምንዛሪውን፣ ማለትም የፓውንድ ዋጋ ከወርቅ ጋር የታሰረበትን ሥርዓት፣ ለማዳን ተብሎ በነሐሴ ጥምር መንግሥት ተቋቋመ፤ በመስከረም 21 ያው መንግሥት ወርቁን ለቀቀ። በጥቅምቱ ምርጫ ሌበር 52 መቀመጫ ብቻ ቀረው።

ስለዚህ «እንደገና እንደራደራለን» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ተደራዳሪው እምቢ ሲባል የሚያደርገውን ሁለተኛ ዕቅድ ጠይቁ። የተሳካላቸው አብዛኛውን ጊዜ አጋር ያዘጋጁ ናቸው። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች በ1933 ብቻቸውን አብላጫ አልነበራቸውም። ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር ተስማሙ፦ ሠራተኛው የመንግሥት ሥራ ያገኛል፣ ገበሬው ለምርቱ የዋጋ ጥበቃ ያገኛል። ስዊድናውያን እስካሁን «የላም ንግድ» ይሉታል። ሁለቱም የሚወዱትን ከፊሉን ለቀቁ፣ ዕቅዱ ግን ፓርላማ አለፈ።

ሁለት ማኒፌስቶ ጎን ለጎን

አሁን ወረቀት አውጡ። ምርቱ 1,000፣ የመንግሥት ገቢ 180፣ ወጪው 240፣ ጉድለቱ 60 የሆነ አገር እንውሰድ። ፓርቲ ሀ ከድጎማ 20 እንቀንሳለን፣ ከታክስ 10 እንጨምራለን ይላል፤ ጉድለቱ በወረቀት 30 ይሆናል። ፓርቲ ለ ለደመወዝ ጭማሪ 15፣ የነዳጅ ዋጋን ለመቀነስ 10 እናወጣለን፣ ከሙስናና ከግብር ስወራ 40 እናስመልሳለን ይላል፤ በወረቀት 45።

የፓርቲ ሀን ስናርመው፣ 30 ከገበያ መውጣቱ ምርትን በ20 ቢቀንስ፣ ገቢው ከምርቱ 18 በመቶ ስለሆነ 3.6 ይቀርበታል፤ ጉድለቱ ወደ 34 ይጠጋል። የድጎማው ካሳ ካልተሰላ 5 ወይም 6 ጨምሩበት፤ 40 ያህል። የፓርቲ ለን ስናርመው የሚወድቀው 40ው ነው። ክስ፣ ፍርድ ቤትና የንብረት እገዳ ዓመታት ይፈጃሉ፤ ግብር አሰባሰብን ማሻሻልም ሠራተኛ፣ ሥርዓትና ጊዜ ይፈልጋል። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ከእንዲህ ያለ ምንጭ ከ5 በላይ አንመዘግብም። ጉድለቱ 80 ይሆናል። ተጨማሪው ወጪ ገበያውን አነቃቅቶ ጥቂት ግብር ቢመልስም ከ75 አይወርድም። ያ 75 ካልተበደረ ይታተማል። ታትሞ ዋጋ በ30 በመቶ ቢንርና ደመወዙ በ15 በመቶ ብቻ ቢጨምር የደመወዝተኛው የመግዛት አቅም ከ100 ወደ 88.5 ወረደ ማለት ነው፤ ጭማሪ ተቀብሎ።

ይህ ማለት ሁሌም ፓርቲ ሀ ይመረጥ ማለት አይደለም። ዋጋ በሚወድቅበትና መንግሥት በዝቅተኛ ወለድ በራሱ ገንዘብ መበደር በሚችልበት ጊዜ የፓርቲ ለ 75 ጉድለት ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ የፓርቲ ሀ ቅነሳ ደግሞ የብሩኒንግን ስህተት ይደግማል። የሚለየው የወለዱና የዕድገቱ ልዩነት ነው። ዕዳ ከምርቱ 100 በመቶ፣ ወለዱ 8፣ የምርቱ ዕድገት በገንዘብ ሲለካ 3 በመቶ ከሆነ፣ ዕዳው ባለበት እንዲቆም ብቻ መንግሥት ከወለድ ክፍያ በፊት ከምርቱ 5 በመቶ ያህል ማትረፍ አለበት። ወለዱ ከዕድገቱ በታች ከሆነ ግን መጠነኛ ጉድለት እያለም የዕዳው ሸክም ሊቀንስ ይችላል።

የራሳችሁን ቦታም አስገቡ። ቋሚ ደመወዝ ወይም ጡረታ ያለው ከሁሉም በላይ የሚፈራው የዋጋ ንረትን ነው። ቋሚ ወለድ ያለው ብድር ያለበት ንረቱ ያቀልለታል፤ በዶላር የተበደረን ግን የምንዛሪ ለውጥ ያጠፋዋል። ወደ ውጭ የሚልክ አምራች በምንዛሪ መውረድ ይጠቀማል፤ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። በግንባታ የሚተዳደር የቀን ሠራተኛ በመጀመሪያው የበጀት ቅነሳ ሥራ ያጣል። የግል ጥቅምን ማስላት ነውር የለውም፤ ፓርቲዎቹም በዚያው ነው የሚያሰሉት።

በኔዘርላንድስ ከ1986 ጀምሮ ፓርቲዎች ማኒፌስቷቸውን ከምርጫ በፊት ለመንግሥት የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ አቅርበው ያስመረምራሉ፤ አውስትራሊያም ከ2012 ጀምሮ ለዚህ የሚያገለግል የፓርላማ የበጀት ቢሮ አላት። እንዲህ ያለ ተቋም በሌለበት አገር ፓርቲዎቹን በአደባባይ ክርክር ላይ በአንድ ዓይነት ሦስት ጥያቄ መያዝ ይቻላል፦ በመጀመሪያው ዓመት ጉድለቱ ስንት ይሆናል፣ በማን ብድር ወይም በማን ኪስ ይሸፈናል፣ የነዳጅ ዋጋ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር ከተስፋዎቻችሁ መጀመሪያ የምታዘገዩት የትኛውን ነው? ሦስተኛው በተለይ ያልተዘጋጀን ተናጋሪ ይለያል፤ ቁጥሮቹን በቃሉ የሸመደደ እንኳ ቅደም ተከተሉን ካላሰበበት ዳር ዳር ይላል። መልሱን ከነቀኑ ጻፉትና ከአንድ ዓመት በኋላ ከበጀት አዋጁ ጋር አስተያዩት።